ሦስቱ በርሜሎች

ደወል ተደውሎ፣ ልጅ ሁሉ ሲበተን፣
ያኔ ነው የምጀምር እኔ የራሴን ቀን።
ቁልፌ ወገቤ ላይ፣ ባልዲዬ ከፊቴ፣
የዊኒፔግ በረዶ፣ ከነጨው ከነጭቃው፣ ወለሉ ላይ ርስቴ።
«ሚስተር ጂ» ይሉኛል፣ ጓንጉል ማለት ከብዷቸው፤
እሺ እላለሁ፤ ከጫማቸው ጭቃ ይቀላል ምላሳቸው።

ጣጣው የመጣው በጥቅምት ነው፤
ያመጣውም ሚስተር ቶርቫልድሰን፣ የአምስተኛ ክፍሉ ሰው።
ምሳ ቤቱ በር ላይ ሦስት በርሜል ደረደረ፤
ከየበርሜሉ በላይ ልጆቹ የሣሉትን ገተረ፦
ሰማያዊው ለወረቀት፣ ለጣሳ፣ ለጭማቂ ካርቶን፤
አረንጓዴው ለልጣጭ፣ ለቁራሽ፣ ለተረፈው ማካሮኒ፤
ጥቁሩ፣ ከሁለቱም ደጅ ለተመለሰ።

ዘበኛዋ ዳርካ ናት። አሥር ዓመቷ፤ እንግሊዝኛዋ ገና ጥርስ እያወጣ፣
ክንዷን አጣምራ ትቆማለች፣ ትሪ ይዞ ለሚመጣ።
«ጆሜል! ፖሙን አንዴ ገምጠህ ነው የምትጥለው?
ኪስህ ክተት። አውቶቡስ ላይ ብላው።»
ስምንተኛ ክፍሎቹ እንኳ፣ ጢም የጀመራቸው፣
እሷን ሲያዩ ማንኪያውን ከእርጎው ይለያል እጃቸው።

አርብ አርብ የነርሷን ሚዛን ተውሰው፣
ጥቁሩን ከረጢት ይመዝናሉ፣ እንደ ሕፃን አቅፈው።
ቁጥሩ ግድግዳው ላይ ይወጣል፦
አርባ አንድ ኪሎ። ሠላሳ አራት። ሃያ ዘጠኝ።
ጭብጨባው እስከ ጂም ይሰማል።

ይኼ የቀኑ ነው። የማታውን ልናገር።
ሦስቱንም ከረጢት ተሸክሜ፣ በጓሮ በር ወጥቼ፣
አንዱ ብረት ገንዳ ውስጥ፣ አንድ ላይ ደፍቼ፣
እጄን ኪሴ ከትቼ
እመለስ ነበር። ኅዳር በሙሉ እንዲህ ነበር።
ምክንያት? ለሰነፍ ምክንያት አይገድም፦
ሰማያዊው ገንዳ ከመኪና ማቆሚያው ማዶ ነው፤
መንገዱ መስታወት፣ ጉልበቴ አሮጌ ነው፤
ደሞስ በዚህ ጨለማ፣ ከዜሮ በታች ሃያ ስድስት፣
ማን ሊያይ?

አንድ ሐሙስ የዳርካ እናት ፈረቃዋ ረዘመ።
የገንዳውን ክዳን ዘግቼ ዞር ስል
በሩ መስታወት ላይ አንድ ክብ እስትንፋስ ታተመ፤
ከክቡ ኋላ ሁለት ዓይን።

ትጮኻለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም።
ለአስተማሪዋ ትነግራለች ብዬ ነበር። አልነገረችም።
በማግሥቱ ብቻ፣ ሚዛኑ ላይ ጎንበስ ብላ
«ሃያ ሰባት» አለች፣ ድምጿ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ወደ እኔ ሳታይ።
ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤
መዳፌን ለመጀመሪያ ጊዜ አፈርኩበት፤ ኪሴ ውስጥ ደበቅኩ።

ሰኞ ጫማዬ ሥር የብረት ጥርስ አሰርኩ።
ሰማያዊውን አስቀድሜ ማቆሚያውን አቋረጥኩ፤
መቶ አርባ ሁለት እርምጃ። ቆጠርኩ።
አረንጓዴውን ሳነሣ አንድ ነገር ከውስጡ አብለጨለጨ፤
የፕላስቲክ ማንኪያ። ጓንቴን አወለቅኩ፤
ሾርባና ልጣጭ መሐል ገብቼ አወጣኋት፤
ጣቶቼን ብርዱ ቆነጠጠ።

ስመለስ በሩ ተከፍቶ ቆሞ አገኘሁት፤
ዳርካ በትከሻዋ ደግፋዋለች፣ ቦርሳዋ ጀርባዋ ላይ፣
እናቷ ዛሬም ዘግይታባት።
«ጥቁሩስ?» አለች።
«ጥቁሩ ቀላል ነው» አልኳት።
«አውቃለሁ» አለች፤ በሩን ግን አልለቀቀችም፣ እስክመለስ።

አርብ ሆነ። ሚዛኑ መጣ። ሃያ ሦስት።
ማንኪያዋን ከኪሴ አውጥቼ ከረጢቱ ላይ አኖርኳት፤
«ይቺ ተሳስታ አረንጓዴው ውስጥ ገብታ ነበር» አልኩ።
ጆሜል ሳቀ። መርፌው ንቅንቅ አላለም፣
ቁጥሩ ያው ሃያ ሦስት፣ ግራም እንኳ አልጨመረም።
ዳርካ ግን እስክሪብቶዋን ከፈተች፤
መርፌውን አየች፤ እኔን አየች፤
«ይጻፍ» አለች።