የላላ ቋጠሮ

አባቴ ዴልበርት፣ ገመድ አንዴ ካሰረ፣
በሲል ኮቭ ወደብ ላይ፣ ማን ፈትቶት ነበረ?
ግራውን በቀኙ፣ ቀኙን በግራ አግብቶ፣
ጫፉን ሁለት ጊዜ፣ በጥርሱ ጎትቶ፣
የጥር ወር ማዕበል፣ ሌሊቱን ቢመታው፣
ጣት አይሞክረውም፤ ቢላ ነው 'ሚፈታው።
"ይጠብቃል" ይላሉ፣ የሱን እጅ ሲያነሡ፤
ከዚህ የበለጠ፣ አልፈለገም እሱ።

ሰኔ ነው። የሎብስተር ወጥመድ፣
ልናወጣ ሳምንት ቀርቶናል፤
ጭጋጉ ግራንድ ማናንን፣
ቤት በቤት ለቅሞ ውጧታል።
ሬዲዮው አንቋረረ፤ የዊልፍሬድ ድምፅ ነበር፦
"ዓሣ ነባሪ አለች፣ ከወጥመዴ ድንበር፤
ገመድ ጎርሳለች፤ ጅራቷን ጠፍንጓታል፤
ግልገሏ በጎኗ፣ ይመጣል ይሄዳል።"

አምስት ሆነን ወጣን። ሞተሩን አጠፋን።
መጀመሪያ ሽታዋ፦
የከረመ ጎመን፣ የረጠበ ሱፍ።
ከዚያ ትንፋሿ፣ ለሁለት ተከፍሎ፣
ጭጋጉን ሲገፍፍ።
ከዚያ ጀርባዋ፤ እንደ ተገለበጠ
ጀልባ ሰፊ፣ ጥቁር፤
ገመዱ እንደ መጋዝ የገባበት
ነጭ ቁስል ብቻ የሚናገር።

ሔዝል ዘንጉን ዘረጋች፤
ጫፉ ላይ ማጭድ ታስሮበታል።
ሳተች። ደግማ ሳተች።
ጅራቷ ከውሃው ሲነሣ
አምስታችንም ለየብቻ ጸለይን።
በሦስተኛው፣ ገመዱ እንደ ጥይት ጮኸ።
ዓይኗን አየሁት፤ የላም ዓይን ያህላል።
ምስጋና አልነበረበትም። ቂምም።
ወረደች። ግልገሉም ተከተለ።

ሃያ ክንድ ገመድ፣ ዝቃጭ የለበሰ፣
ወደቡ ላይ ጣልነው፤ ውሃው እያፈሰሰ።
"ይሄማ የሩቅ ነው" አለ አንዱ ቀርቦ፤
"ከሜይን የመጣ ነው" አለ ሌላው አስቦ።
ጥፋት መቼም ባለቤት አያጣም፣
ጎረቤት እስካለ ድረስ።
አባቴ በርከክ ብሎ
ዝቃጩን በአውራ ጣቱ ጠረገ፦
ግራው በቀኝ በኩል፣ ቀኙ በግራ ገብቶ፣
ጫፉ ሁለት ጊዜ፣ በጥርስ ተጎትቶ።
ከሦስት ጥር በፊት ማዕበል የነጠቀው።
እጁ እጁን አወቀው።

ከሱ ሌላ ማንም አላየም ነበር።
ባሕሩ ሁለት እርምጃ ነበር።
በእግሩ ገፋ ቢያደርገው
ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር።

"የኔ ነው" አለ።

ተሸክሞ ወሰደው፤
ከእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ፣
ከቢንጎው ሰሌዳ አጠገብ፣ ሚስማር ላይ ሰቀለው።
ሐሙስ ማታ ሰው ሞላ። ክፍሉ ባሕር ባሕር ሸተተ።
ዊልፍሬድ ተነሣ፦
"የጀልባዬን ዕዳ፣ ባንክ ቤት ሄዳ
እሷ ትከፍልልኛለች?"
የሳቀም ነበር፤ ያልሳቀው ይበዛል፤
እውነቱን ነውና።
እኩለ ሌሊት አለፈ። አንድ ወንበር ተሰበረ።
ሔዝል "ለከርሞ ሳምንት ቀድመን እናውጣ፤
ገመዱንም እንለውጥ" አለች።
አሥራ አንድ እጅ ተቆጠረ፤
ቆይቶ ሦስት ተጨመረ፤
የዊልፍሬድ ግን ኪሱ ውስጥ ቀረ።
ጠዋት በራችን ተንኳኳ። እሱ ነው።
"እስቲ ያንን ደካማ ገመድ አሳዩኝ" አለ፣
መሬት መሬት እያየ።

አባቴ በሰባ ዓመቱ፣ ማላላት ሊማር ተቀመጠ፤
ገመዱን በየመሀሉ፣ በደካማ ክር አቋረጠ፤
ለወጥመድ ክብደት የሚጸና፣
ለሷ ጉልበት የሚበጠስ።
ጣቶቹ እምቢ ይሉታል፤
ያጠብቀዋል፤ ይሳደባል፤ ይቆርጠዋል፤ እንደገና።
አንድ ቀን ቀና ሳይል እንዲህ አለኝ፦
"እንዲጠብቅ ማሰር፣ ዕድሜዬን ሙሉ ለመድኩ፤
እንዲጠብቅ ማላላት፣ ዘንድሮ ገና ጀመርኩ።"

ትመለስ አትመለስ፣ የሚያውቅ ሰው የለም።
የሔዝል ትንሹ ልጅ፣ "ዛሬስ?" ይላል፤ "ዛሬም።"
ጭጋግ ሲወርድ ግን፣ ከወደቡ አፍ ላይ
ጀልባዎቹ አንድ በአንድ ሞተር ያጠፋሉ።
የዊልፍሬድም።
አባቴ ከፊት ቆሟል፤ ባርኔጣውን አውልቆ፣
ጆሮውን ወደ ነጩ ዝምታ አዙሮ፣
እጁ ላይ የላላ ቋጠሮ፤

ይጠብቃል።