ረጅም በርጩማ

እኔ አናጢ ነኝ፣ ሰው የምለካ በክንድ፣
ሂርማታ ዳር ያረጀሁ ከዋንዛና ከጥድ።
ነዚፍ አባ መጫን መጀመሪያ በዓይኔ ስለካው
አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ የሱቄን ጉበን በግንባሩ ነካው።

«የቅርጫት ኳስ ሰሌዳ ሥራልኝ» አለኝ፤
ቅርጫት ከቀርከሃ እንጂ ከሳንቃ የት አየሁኝ?
ግን ከዘይት በርሜል አፍ ቀለበቱን አወጣን፣
ቆጪ፣ ሜዳው ጥግ ላይ፣ በዝናብ ሰቅለነው መጣን።
ሂሳቡን «ነገ» አለ። ልጅ ነውና ዝም አልኩ፤
ግድግዳዬ ላይ በከሰል
«ነዚፍ፣ ሰሌዳ፣ ሰማንያ አምስት ብር» ብዬ ጻፍኩ።

ነገ ሩቅ አገር ሆነ።
ካርቱም አንድ በጋ፣ ሁለት በጋ ቤሩት፣
ባቱሚ ስምንት ወር፣ «ናሲፍ» ብለው ማልያው ላይ የጻፉበት፣
ጣሪያው እያፈሰሰ ኳሱ ከእጁ ሲያዳልጠው
«ጅማ ነኝ እንዴ?» ብሎ ሳቁ እስኪያመልጠው።

ኮከብ አልነበረም፤ ነኝም ብሎ አያውቅም፤
«ስምንተኛ ሰው ነኝ» ይላል፣ «ከአግዳሚው አልርቅም።»
አግዳሚው ከምን እንጨት ነው ብዬ ጠየቅኩት፤
«ፕላስቲክ» አለኝ።
አዘንኩለት።

ፕሎቭዲቭ ላይ የክለቡ ጌታ ጎማ ነጋዴ ነበር፤
የሁለት ወር ደሞዝ ቀርቶ አሥራ ሁለት ጎማ፣ በደብተር
አስፈርሞ ሰጠው።
የመርካቶ ባጃጅ ነጂዎች ሰምተው ሲስቁ ዋሉ፤
«ለኛ ለምን አላመጣኸውም?» እያሉ።

ሌላ ቦታ ደግሞ፣ ስሙን የማልይዘው፣
በጥር አጋማሽ ከአሜሪካ ሌላ ረጅም ሰው
መጣ፤ ለነዚፍ የደረሰው
በፖስታ የታሸገ የአንድ መንገድ ትኬት።
«ጉልበቴ ሳይፈርስ ውሌ ቀድሞ ፈረሰ» አለ፤
በኋላ ጉልበቱም ደረሰ።

እናቱ አዴ ሰኪና አልጋ አሠራችኝ፣ ሁለት ሜትር ከሃያ፤
«ልጄ እንደ መቀነት ታጥፎ አይተኛም» አለችኝ።
እሱ ግን ሐምሌና ነሐሴን ብቻ አደረ፤
በቀረው ወር በቆሎ እየተሰጣበት፣
የእህቱ ልጆች በአግድሙ ሞልተውት፣
አልጋው እንዲህ ኖረ።

ዘንድሮ ክረምት ሳይገባ መጣ። በሚያዝያ።
ሻንጣው ውስጥ ዘጠኝ ማልያ፣ ዘጠኝ ዓይነት ቁጥር።
ሱቄ ሲገባ፣ ጉበኑን ሳይነግሩት ጎነበሰ፤
በርጩማ ሳብኩለት፣ የኛው፣ ዝቅ ያለ፣ ባለ ሦስት እግር።
ቁልቁል አየው፣ እንደ ጉድጓድ።
ጉልበቱ እምቢ አለ።
ሃያ ዓመት ሙሉ የዘለለ ሰው
መቀመጥ አቃተው።

«ረጅም ሥራልኝ» አለ።
«ይኼ እኮ ከአንድ ግንድ ነው የሚፈለፈለው፤
እግሩን ባረዝመው በርጩማ መሆኑ ይቀራል» አልኩት።
«እኔስ?» አለኝ።

ገንዘቡን ግንድ ሳልመርጥ ከኪሱ አወጣ፤
«ሲያልቅ ትሰጠኛለህ» ብለው ተቆጣ፦
«ሠርቶ መጠበቅ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያዝ።»
ከዚያ ዓይኑ ግድግዳው ላይ አረፈ፣ ከከሰሉ፤
ሃያ ዓመት አቧራ የበላው ሰማንያ አምስት ብር።
አፈርኩ። እርጥብ ጨርቅ አነሳሁ።
እጄን ያዘኝ።

«ተወው» አለ። «በየአዳራሹ
ማልያ ይሰቅላሉ፣ የሰው ስም፣ ከጣሪያው ሥር፤
ስንቱን አንጋጥጬ አነበብኩ መሰለህ!
የኔ ስም ያለበት ግድግዳ
ይኸው ነው።»

በርጩማው ቅዳሜ አለቀ። ከሱ በቀር የሚመቸው የለም፤
የሰፈር ልጆች ይንጠላጠሉበታል፣
እግራቸው መሬት አይነካም።