ከእነዋሪ በታች

ጥቅምት በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ከእነዋሪ በታች፣
የጋሽ ሸዋፈራ ሽምብራ ቢጫ ለብሳ ቆማለች።
ጅማቷ ብቻ አረንጓዴ።
«ምች ነው» አለኝ፤ «ካልሆነም ዓይን ነው፤ ጎረቤቴን አውቀዋለሁ።»
መልስ አልሰጠሁ፤ ተንበርክኬ መረሬውን በጣቴ ፈለፈልኩ፣
አንዲት ሥር መዝዤ በኮዳዬ ውኃ አጠብኩ።

«ብረት ነው የራባት፣ ጋሼ።»
«ብረት? ስንት ማረሻ አልቆበታል እዚህ መሬት ላይ!»

አልቆበታል። ግን የዛገ ብረት ኖራ ከቆለፈው፣
ቢተኙበትም አይበላ፤ ደጅ ላይ ያለ ሩቅ ነው።

ለዚህ ነው ሥር በሆዷ ከዘር የወረደ ደብዳቤ የምትይዘው፤
ስትጠግብ ታሽጎ ይኖራል፣ ማኅተሙን የሚፈታው ረሃብ ነው።
ያን ጊዜ ኮምጣጣ ላብ ታንጠባጥባለች በአፈሩ፣
ይላላል የዝገት አጥሩ፤
ብረቱም በጠባብ በር አንድ አንድ እያለ ይገባል።
በቃኝ ስትል በሩን ራሷ ታፈርሰዋለች፤
የተትረፈረፈ ብረት መርዝ መሆኑን ታውቃለች።
ድንበሩ ላይ ያለው ስንዴ ግን ጠባዩ ሌላ ነው፣
አማላጅ ይሰድዳል፣ ብረቱን አቅፎ የሚያመጣው።

«ታዲያ ይቺን ምን ነካት?»
«ከደብዳቤዋ አንድ ፊደል ተፍቆ ይሆናል፤ ለከርሞ ዘሩን እንቀይራለን።»
ራሱን ነቀነቀ።

በቦርሳዬ የጤና ጣቢያው ክኒን አለ፤ ሦስት ሳምንቱ።
«ደም አንሶሻል» ሲሉኝ «እሺ» ብዬ ወጣሁ፤
አንዱን እንኳ አልዋጥኩ፣ ለማንም አልተናገርኩ።

ሥሯን ወደ ጉድጓዷ መለስኩ፤
እጄን ከአፈር አራገፍኩና
አፈርኩ።