በበሬና በገመድ

ቺሎዌ ደሴት ላይ፣ ዝናብ በማይታክተው፣
ባሕሩ የጓሮዬን አፈር ቀን ከሌት ሲልሰው፣
ድንቹን ከነመደቡ፣ አጥሩን ከነእንጨቱ፣
ሲወስድ ሲወስድ ከርሞ ደረሰ ከቤቱ።

"ቤትሽ ይነሣ" አሉኝ፣ "ከነጣራው፣ ከነበሩ፤
ኮረብታው ላይ ይቀመጥ፣ ይራቅ ከባሕሩ።"
እኛ ዘንድ ቤት ይሄዳል፤ ያላየ ይገረም፤
ግንድ ከሥሩ ይነጠፋል፣ ብዙ ወጪ የለውም፤
ለደቦው የምከፍለው ድንችና የበግ ሥጋ፣
በሬውን እየነዳ ሰው ይመጣል ሲነጋ።

እኔ ኦቲሊያ ነኝ።
የዚህ መንደር ጸሎት መሪ፣ ሃያ ሁለት ዓመት፤
ቄሱ በጀልባ ይመጣል፣ በዓመት አንዴ፣ ምናልባት።
በየለቅሶው የቆምኩ፣ በየሬሳው ራስጌ፣
መቁጠሪያ ያንከባለልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ።
"አይዞሽ" ስል የኖርኩ፣ "እሱ ያውቃል" እያልኩ፣
እኔስ ምን አውቃለሁ ብዬ አንድ ቀን ያልጠየቅኩ።

ከዚያ ኤሊሴዮ፣
ልጄ፣
የሳልሞን እርባታውን መረብ ሊጠግን ጠልቆ፣
አየር የሚሰጠው ቱቦ ከላይ ተጣብቆ፣
አርባ ክንድ ውኃ ሥር ቀረ።
ሲያወጡት ጓንቱን እንኳ አላወለቀም ነበረ።

ከዚያ ወዲህ
መቁጠሪያውን ስይዘው ፍሬው ይቆጠራል፤
"አባታችን" እላለሁ፣ ልሳኔ ይታሰራል።
"ሆይ" ላይ ስደርስ፣ ዳገት እንደሰበረው በሬ፣
ይንበረከካል ቃሉ፤ አይነሣም እስከ ዛሬ።
ለሰው አልነገርኩም። እሁድ እሁድ ቆሜ
ከንፈር ብቻ ነበርኩ፣ ሙሉ ዓመት ከርሜ።

የደቦው ቀን ደረሰ።
አሥር ጥማድ በሬ፣ ሩዴሲንዶ ፊት ፊት፣
ልጆች ሲጮሁ፣ መስኮቴ ሲንቀጠቀጥ እንደ ወባ በሽተኛ ጥርስ።
ቤቴ ተነሣች። ሄደች። ዳገቱን ተያያዘችው።
መሃል ላይ ጭቃው ያዛት፤
ገመዱ እንደ ጅራፍ ጮኸና ተበጠሰ፤
ቤቴ ወደ ባሕሩ ዘመም አለች፣
የሰው ፊት ሁሉ ወደ እኔ ተመለሰ።
"ኦቲሊያ፣ ጸልዪልን!"

ዝናቡ በአንገቴ ይወርዳል።
"አባታችን…" አልኩ።
ቆምኩ።
ከዚያ ሌላ ቃል ወጣ፣ እኔ ያልጠራሁት፦
"አልችልም።"
ጮክ ብሎ። ሰው ሁሉ ሰማ።
"አልችልም። ከቀበርኩት ቀን ጀምሮ አኩርፌሃለሁ።
ጉልበትም ቃልም የለኝም። ያለኝ ይኸው ነው።"

ዝም ሆነ። በሬ ብቻ ይተነፍሳል።

ያኔ ዶሚቲላ፣
በአንድ ክንድ አጥር ዘጠኝ ዓመት የተኳረፍናት፣
በልጄ ቀብር እንኳ ከሩቅ ቆማ ያየኋት፣
ጭቃውን እየረገጠች መጣች፤
የተበጠሰውን ጫፍ አነሣች፣
በወገቧ ዙሪያ አዞረችው፤
"ሆይ" አለች።
ቀጣዩን ቃል ሩዴሲንዶ አነሣ፣ በጎርናና ድምፁ፤
ቀጣዩን ከኋላው ያሉት፤
ቀጣዩን ልጆቹ፣ ግማሹን ስተው።
ቤቴ ተንቀሳቀሰች።

እኔ ገመድ አልነካሁም።
እጄን ጉያዬ ከትቼ ከኋላ ተከተልኩ፣
እንደ ሕፃን እያነባሁ።

ማታ፣ ሥጋው አልቆ ሰው ሲበተን፣
ያ ሽባ ትዝ አለኝ፣ አራቱ ጣራ ነድለው ያወረዱት።
ስንት ዓመት አነበብኩለት ለሕዝቡ!
እሱ ግን ምን ብሎ ጸለየ? ከአፉ ቃል አልተጻፈም።
ተኝቶ ነው የሄደ፤
በሰው እጅ ተንጠልጥሎ ነው ካንተ ፊት የወረደ።

አሁን ከፍ ብዬ እኖራለሁ።
ባሕሩ ከዚህም ይታየኛል፤ አልታረቅነውም ገና።
አንዳንድ ሌሊት ዛሬም "አባታችን" እልና
እቆማለሁ። አልደነግጥም።
ከታች የዶሚቲላ መብራት ይታያል፤
የቀረውን እሷ ትለዋለች።
ለከርሞ የእሷ ቤት ተራ ነው፤ ገመዱን እኔ አስቀምጫለሁ።

ወለሉ በስተግራ ዘምሞ ቀርቷል፤
ብርጭቆ ባስቀመጥኩ ቁጥር በዝግታ ይንሸራተታል።
አላቀናሁትም።