የሰሌዳው ዝሆን

የጦሳ ጉም ወርዶ መስኮቱን ሲደፍን፣
ሰባተኛ ለ ውስጥ ሦስት ሦስት ተጣብበን፣
ሚስተር ጎፒናታን ጠመኔ አነሳ፣
ኤክሱንም ዋዩንም ያን ዕለት ረሳ።

ዝሆን ሳለ።
ከሰሌዳው ጫፍ እስከ ጫፍ። ጆሮው ሰፌድ፣ እግሩ ግንድ፣
ኩምቢው የሰሌዳውን ጠርዝ ሊነካ ጥቂት ሲቀረው፣
"አገሬ" አለን፣ 'ር'ን በሚያንከባልል አማርኛው፣
"ከቤተ መቅደሱ ደጅ፣ በበዓሉ ሌሊት፣
ቻንድራን ይወጣል፤ ስሙ ጨረቃ ማለት።
ግንባሩ ላይ ወርቅ ቅብ፣ እንደ ጥሩር የተነጠፈ፣
ጀርባው ላይ አምላካችን፣ በሐር ጥላ የታቀፈ፣
የጣዎስ ላባ ሲርገበገብ፣ ነጭ ጭራ ሲወዛወዝ፣
መቶ ከበሮ ሲደለቅ፣ የሰው ባሕር ሲጓዝ።"

"እንደ ጥምቀት ድባብ?" አለች ብርቄ፣ ዐይኗ ፈክቶ።
"እንደ መውሊድ ድቤ?" አለ እንድሪስ፣ ከወንበሩ ተነስቶ።
"እንደዚያው" አለን፤ "እንደዚያው።" ጠመኔው ግን አልቆመ፣
ከዝሆኑ እግር ሥር ቀለበት በቀለበት ሰንሰለት ገጠመ።

ዝም አልን።
እንድሪስ፣ የመድረሳው ልጅ፣ ሼኹ የነገሩትን አመጣ፦
"የአብርሃ ዝሆን ካዕባን ሊያፈርስ ሲወጣ፣
በብረት ቢወጉት በርከክ ብሎ እንቢኝ አለ፣
ወደ የመን ሲያዞሩት ይሮጣል፤ ወደ መካ ግን አንድ እርምጃ የለ።"

መምህሩ ጠመኔውን አስቀመጠ።
"ቻንድራንም አንድ ዓመት ተንበረከከ" አለ፣
"በቀትር፣ ፀሐይ ባቀለጠው ሬንጅ ላይ ሳለ።
ሕዝቡ እጁን ገጥሞ 'ለአምላኩ ሰገደ!' እያለ አለቀሰ፣
አበባ ከግራ ከቀኝ ራሱ ላይ ፈሰሰ።
ጠባቂው አጎቴ ነበር። ሜንጦውን ጥሎ እግሩን አየ፦
ጥፍሩ ተሰንጥቋል፤ ውስጥ እግሩ መግሎ ሥጋው ከሥጋ ተለያየ።
ለማን ይንገር? በዓል ነው። ሰው ደስ ብሎታል።
በነጋታው ሌላ መንደር፣ ሌላ በዓል፣ ሌላ ኪራይ ነበር፤
እርድ ቀብቶ ነዳው። ያው ከበሮ፣ ያው ክብር።"

"የዝሆን ጆሮ ይስጠኝ" ትላለች እናቴ፣ ክፉ ወሬ ሲመጣባት፤
እኔ ግን ያን ጆሮ አሰብኩት፣ መቶ ከበሮ ሲደለቅበት።

ተደወለ። የሰሌዳ ተረኛ ነበርኩ፤ ዳስተር ያዝኩ፣
ሰንሰለቱን ብቻ አጠፋሁ፤ ዝሆኑን ተውኩ።

በማግስቱ ገባ። አየው። ማን እንደሆነ አልጠየቀም።
በገርበብታው በር ጉሙ ይገባል፤ ከእኛ የተነፈሰ የለም።
ጠመኔ አነሳ። ቀስ ብሎ፣ ቀለበት በቀለበት፣
መልሶ ሳለው፣ ያንኑ ሰንሰለት።
"በዳስተር አይፈታም፣ ይመር" አለኝ፣ ፊቱን ሳያዞር።
ከዚያም፦ "ገጽ አርባ ሁለት። ኤክስ ስንት ነበር?"