ክሮቼራ

ራስ አል ኸይማ፣ ነሐሴ፤ ብረቱ እጅ የሚፋጅ።
«መሪው ይነክሳል» አለ ራሺድ ዓሣ አጥማጅ፣
ጀልባ የሚጎትት፣ የአሮጌ ፒክአፕ ወዳጅ፤
«ከዞረ አይመለስም፣ ካልታገልኩት በቀር፤
ትናንት ከነጀልባው ባሕር ሊከተኝ ነበር።»

ጉልዛር፣ አለቃዬ፣ ቀና ሳይል ከሻይ፦
«ፓምፕ ነው፣ ቀይረው!» ሂሳብ ነው የሚያይ።

በክሪክ አነሣሁት፤ ጎማው አየር ላይ ዋለ፤
መሪው እዚያችው ቦታ ደርሶ እምቢ አለ።
ዘንጉን ከሥር ፈትቼ ሳጥኑን ብነካው፣
በሁለት ጣት ዞረ፤ ታዲያ ማን ነው የነከሰው?

ጎንበስ አልኩ።
ከጭስ ማውጫው ጎን፣ ጨው የበላት አንገት፣
አንዱ ክንዷ ደርቆ፣ ቀይ ዱቄት ለብሳ በዝገት።
«ክሮቼራ!» ብዬ ጮኽኩ።
ጋሽ ይመር ኮምቦልቻ በጥፊ ያስጠናኝ ቃል፤
እዚህ ማን ይሰማል?

ዘይት ብናጠጣት ለሦስት ቀን ነው፤
ሠላሳ ድርሃም፣ አዲስ ገዛን፤
ግራሶ ቀብቼ፣ መዶሻ እየነካካሁ አስገባኋት።

ማታ ራሺድ ነዳ። አደባባዩን ዞሮ
እጁን ለቀቀ፤
መሪው ብቻውን ወደ ቀጥታው ተመለሰ።
«ምን ነበር ያልከው?» አለኝ ጉልዛር ቆይቶ።
«ክሮቼራ።»
«ክሮ… ቼራ» አለ፣
ፓምፑን ወደ መደርደሪያው እየመለሰ።