ድንጋይ በወደቀበት

«ድንጋይ» ይላሉ እኛ ዘንድ፣ «በወደቀበት ይከብዳል።»
አባቴ ነው ያለኝ፤ በስልክ፤ በሦስተኛው ቀን።
ሦስት ጎረምሶች ከገበያ መልስ አፍሰው ሲወስዱኝ
አንድ እግር ጫማዬ አትባሺ መንገድ ላይ በረዶ ውስጥ ቀርቶ ነበር፤
ስለ ጫማው አልጠየቀኝም፤
ስለ እግሬም።
«ከበደሽ ወይ?» አላለኝም።
«ክበጂ» አለኝ።

የመጣሁ ማታ
ነጩን ሻሽ ከራሴ ላይ ሦስቴ ጥዬ
ወደ በሩ ስሮጥ፣
ዙራካን፣ የታላይ እናት፣
ደፉ ላይ ተጋደመች፤ እንደ ግንድ፣ እንደ ሬሳ።
«ሽበት የተራመደች ማህፀኗ ይደርቃል፤
የምትደፍር ካለች፣ ይኸው፣ እግሯን ታንሳ!»
ቆምኩ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤
ሰው ሳይሆን እርግማን የምፈራበት ዕድሜ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ቤቱ ያውቀዋል።
ግራ ጆሮዬም ያውቀዋል፤
ካወቀ ወዲህ ሌላ ነገር አይሰማም።
ታላይ ሲሰክር ብቻ እንዳይመስላችሁ።
ሳይሰክርም፤ ሾርባው ሲቀዘቅዝ፤ ፈረሱ ሲያነክስ፤
ወንድ ሲጠበቅ አይዳይ ስትወለድ።
ጎረቤት ይሰማል፤ ቴሌቪዥኑን ከፍ ያደርጋል።
ሽማግሌ ይመጣል፤ ሻይ ይጠጣል፤
ጢሙን ይዳብሳል፤
«የቤት ገበና ነው» ብሎ ይነሳል።
ገበና!
መጥረጊያ ስር ያገኘሁት፣
በመሀረብ የቋጠርኩት ጥርሴ
የማን ገበና ነው?

በክረምት ጠጉር እንደበድባለን፣ እኔና አማቴ፣
አርጩሜ ይዘን፣ ፊት ለፊት ተቀምጠን።
የበግ ጠጉር ካልተደበደበ ምንጣፍ አይወጣውም።
«ሴትም እንዲሁ» አለች አንድ ቀን፣ ሳታየኝ።
ቆይታ፣
«እኔም እንዲሁ።»
እጅጌዋን ሰበሰበች።
አርባ ዓመት የቆየ ጠባሳ፣ ከክርን እስከ አንጓ፣
እንደ በግ ቀንድ የተጠቀለለ፤
እኛው ምንጣፍ ላይ የምንሰፋውን ጌጥ።
አርጩሜዋን አነሳች። አነሳሁ።
ዓይናችን ሲያለቅስ
በአቧራው አሳበብን።

ግንቦት ላይ ወንዙ ሞላ።
ሌሊት፣ ጎኔ አላስተኛ ሲለኝ፣
ከውሃው ሆድ ውስጥ ድም... ድም... ይላል።
«ምንድን ነው?» አልኳት ሲነጋ።
«ድንጋይ ነዋ! በረዶ ሲቀልጥ ድንጋይ ይሄዳል።
በሬ የሚያክል አይቻለሁ፤
በልግን ከደጃችን፣ መኸርን ከድልድዩ ማዶ።»
አለችና አፏን በመዳፏ ያዘች፤
የማይባል ያመለጣት ይመስል።

በሐምሌ፣ አይዳይ ላይ እጁን አነሳ።
ልጄ አላለቀሰችም።
እሱ ነው የገደለኝ፤ አለማልቀሷ።
አራት ዓመቷ፤ ትምህርቱን ጨርሳ ነበር።
ማንኮራፋቱን ጠበቅሁ።
ልጄን በጀርባዬ፣ ጥርሴን በመሀረቤ፣
በሩ ጋ ስደርስ
ዙራካን ደፉ ላይ ተጋድማለች፤
እንደ ያኔው፣ እንደ ግንድ።
ጉልበቴ ከዳኝ።
ዓይኗን እንደ ጨፈነች፣ ከንፈሯ ብቻ፦
«ተራመጂኝ።»
«እማ...»
«እርግማኑን የጣልኩት እኔ፣ የማነሳው እኔ።
ተራመጂ፤ ሕፃኗ ሳትነቃ።»

እግሬን አነሳሁ።
ከዚያች አሮጊት ደረት በላይ፣ አየር ላይ፣
የቆየሁባት ቅጽበት
ከአምስቱ ዓመት ትረዝማለች።
ሰማይ አልወደቀም። ብርድ ነበር።
ውሻው ጭራውን ቆላ እንጂ አልጮኸም።

አሁን ናሪን ከተማ፣ ከሴቶች ጋር ምንጣፍ እሰፋለሁ።
በእጄ ቀንድ በጠቀለልኩ ቁጥር ክንዷ ይመጣብኛል፤
ሲነጋ ምን አደረጋት?
ማን ቀድሞ ደፉ ጋ አገኛት?
ከመንደር የሚመጣውን ሁሉ እጠይቃለሁ፤
ሁሉም ስለ ሣሩ፣ ስለ ዝናቡ ያወራኛል።

ባለፈው ሳምንት ስልክ ጮኸ። አባቴ ነው።
ጉሮሮውን ጠረገ።
«ልጄ፣ ድንጋይ...» ብሎ ሲጀምር
ስልኩን ቀስ ብዬ
ወደ ግራ ጆሮዬ አዞርኩት።